ከኋላ በስተግራ ያለው ስፒከር

ምትኩ ለኤልያቄም በስልክ የነገረው እንዲህ የሚል ነበር፦ ከኋላ በስተግራ ካለው ስፒከር የሚስቱ የራኬብ ድምፅ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሦስተኛው መዝሙር ላይ፣ ከሃያ አራት ዘማሪ መካከል፣ እሷን ብቻዋን ለይቶ ይሰማታል። ዕቃው የተገዛውም ለዚሁ ነው። እሷ ግን «አልዘመርኩም» ብላ ድርቅ ብላለች። «ናና ማሽን እንደማይዋሽ ንገራት» አለ ምትኩ።

ራኬብ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከራሷ ስልክ ደውላ የነገረችው እንዲህ የሚል ነበር፦ መዝሙሩ በተቀዳበት ምሽት ከአፏ አንድም ድምፅ አልወጣም። አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ሙሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የቆመችው። ስለዚህ ባሏ የሚሰማው የሌለ ድምፅ ነው፤ ወይ ዕቃው ተበላሽቷል፣ ወይ ባሏ። «ናና የቱ እንደሆነ እይልኝ» አለች። «ግን ከአስር ሰዓት በፊት ድረስልኝ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልምምድ አለኝ።»

ኤልያቄም ሁለቱንም «እሺ፣ እመጣለሁ» አላቸው። ላፍቶ ካለችው ጠባብ ሱቁ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲወጣ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። በኤሌክትሮኒክስ ከተመረቀ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ሳሎን ውስጥ ስፒከር ሲገጥም ኖሯል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተማረው ነገር ቢኖር፣ ሰው ስለ ድምፅ ሲያወራ በደንብ ማዳመጥ እንጂ ቶሎ መስማማት እንደማያዋጣ ነው። በአንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ «ቤዙ አነሰ» ሲል ሌላው «ደረቴን መታኝ» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም።

ዕቃውን ያስመጣላቸው እሱ ነው። ምትኩ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ርቀትና ማዕዘን ሲለካ የኖረ፣ ያልተለካ ነገር የሚያሳክከው ሰው። ከሦስት ወር በፊት ሱቁ መጣና አንድ ሃርድ ዲስክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የሚስቱ መዘምራን የተመሠረቱበት ሠላሳኛ ዓመት ሲከበር የተቀዳ ዝግጅት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ ባለሙያ ሲራክ ከሴቶቹ ለከፍተኛው ድምፅ ለሶፕራኖውና ለዝቅተኛው ለአልቶው፣ ከወንዶቹ ለቴነሩና ለቤዙ ለየብቻ ማይክ አቁሞ ነው የቀዳው። ሲያቀናብረውም አድማጩ በመዘምራኑ መሀል የቆመ እንዲመስለው ብሎ እያንዳንዱን ክፍል ለአንድ አንድ ስፒከር ሰጠው፤ ሶፕራኖ ከኋላ በግራ፣ አልቶ ከኋላ በቀኝ፣ ወንዶቹ ከፊት ግራና ቀኝ፣ ኪቦርዱ መሀል። ይህ ሁሉ ግን ምትኩ ቤት ባለው አሮጌ ሆም ቴአትር ሲጫወት አንድ ላይ ተቦክቶ ነበር የሚወጣው።

«የራኬብን ድምፅ ፈልጌ አጣሁት» አለ ያን ዕለት ምትኩ። «አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ እኮ። ስትዘምር በዓይኔ አይቻታለሁ። ቅጂው ውስጥ ግን የለችም።»

ኤልያቄም አስረዳው። ተራው ፋይል ቦታ ለመቆጠብ ሲል «ይህንን ጆሮ አይለየውም» ብሎ የገመተውን እየቀነሰ ይጥላል። ሎስለስ የሚባለው ግን ምንም አይጥልም፤ ማይኩ የያዘውን እንዳለ ይሰጣል። ሲራክ የሰጠው ፋይል ሎስለስ ነው። የጎደለው ይህንን እንዳለ የሚያሰማ ዕቃ ነው። ምትኩ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ድምፅዋ ተጥሎ ነው» አለ። ኤልያቄም እንደዚያ አላለም ነበር። ግን አላረመውም።

አምፕሊፋየሩ ከዱባይ በሰው እጅ መጣ። አምራቾቹ ሪሲቨር ነው የሚሉት፤ አዲስ አበባ ላይ ሪሲቨር ሲባል ግን ለሁሉም የሚታየው የዲሹ ሳጥን ስለሆነ ኤልያቄም አምፕሊፋየር ይለዋል። አምስት ስፒከርና ቤዝ የሚያወጣ አንድ ሰብዉፈር ተከተሉት። ምትኩ «መግጠሙን ለኔ ተወው፤ ማዕዘን መለካት ለኔ ብርቅ አይደለም» ብሎ ሁሉንም ራሱ ገጠመ። ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው።

ቤታቸው ፉሪ ነው። ከሃና ማርያም ወዲያ ታክሲው ካወረደው በኋላ ኤልያቄም አስር ደቂቃ ያህል በእግሩ ሄደ። በያንዳንዱ አጥር ውስጥ አንድ ነገር ይገነባል፤ አሸዋ፣ ብሎኬት፣ የታሰረ ብረት። የምትኩ ቤት አልቆ ቀለም ቢቀባም ከጎኑ ያለው ገና ሦስተኛ ፎቁን እየጀመረ ስለነበር የኮንክሪት ሚክሰሩ ያጓራል። አቧራው የግቢውን ጽጌረዳ ግራጫ አድርጎታል።

«መጣ ዳኛው!» አለ ምትኩ በሩን ከፍቶ።

«ዳኛ አይደለሁም ጋሽ ምትኩ፤ ቴክኒሻን ነኝ።»

«ያው ነው። ግባ፣ ግባ ኤልዬ። ጫማህን ግን እዚያው አራግፍ፤ አለበለዚያ እኔንም አንተንም ታስወጣናለች።»

ራኬብ እጇን በፎጣ እያደራረቀች ከማድ ቤት ወጣች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቀጥ ብላ የምትቆም፣ አንገቷ ላይ ስስ ሻርፕ የጠመጠመች ሴት። በስልክ ሲሰማት ጉንፋን የያዛት መስሎት ነበር። አሁን ፊት ለፊት ሲሰማው ጉንፋን እንዳልሆነ ገባው። ድምፅዋ ዝቅ ያለና ሻከር ያለ ነው፤ ግን አይደክምም።

«ሳትበላ ገመድ እንዳትነካ» አለችው።

«በልቻለሁ እህት ራኬብ፣ እውነቴን ነው።»

«እውነትህን ከሆነ ሻይ ትጠጣለህ።»

በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ባልና ሚስቱ እኩል «ኧረ እዚያ አይደለም!» ብለው አስነሱትና ረጅሙ ሶፋ መሀል ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሆኖ ሳሎኑን ቃኘ። ምትኩ ረጅሙን ሶፋ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ስቦ አውጥቶታል፤ ሴራሚኩ ላይ በእርሳስ የተሰመሩ መስመሮች ይታያሉ፣ ስፒከሮቹም መስመሮቹ ላይ ዝንፍ ሳይሉ ቆመዋል። ሥራው የሚያስመሰግን ነበር። በእያንዳንዱ ስፒከር አናት ላይ ነጭ ዳንቴል ተነጥፏል። በሶፋው መደገፊያ ላይ፣ በቡፌው ላይ፣ በሰብዉፈሩም ላይ ዳንቴል አለ።

«እንግዲህ ስማ» አለ ምትኩ። በስተግራ ወዳለው ነጠላ ሶፋ ሄዶ ተቀመጠ፤ የኋላው ስፒከር ከጆሮው ስንዝር አይርቅም። ሪሞቱን ተጫነ። ሦስተኛው መዝሙር ተጀመረ። ምትኩ ጣቱን ቀስሮ ጠበቀ፤ ከዚያ ድንገት ብድግ አለ። «ይኸው! ይኸው እሷ!»

«ማን?» አለች ራኬብ ከማድ ቤቱ በር።

«አንቺ!»

«እኔ እዚህ ነኝ።»

«ራኪ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬሽ ኖሬ ድምፅሽን ላጣው ነው?»

«ማታ ከጎንህ ተኝቼ ስጠራህ አትሰማም እኮ። ደግሞ አንተ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ‘ቤዝ አለው’ የምትል ሰው ነህ።»

«ፍሪጁ ቤዝ አለው!» አለ ምትኩ ወደ ኤልያቄም ዞሮ። «የለውም?»

ኤልያቄም ፍሪጁን ትቶ ወደ ስፒከሮቹ ዞረ። እሱ የሰማው ከየአቅጣጫው ተመሳሳይ ሆኖ የሚመጣ የብዙ ሰው ዝማሬ ብቻ ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ይህ ነገር ዛሬውኑ መታወቅ ያለበት ለምንድን ነው?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። የመለሰችው ራኬብ ናት፤ የገበያ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ያለ ጭማሪ ነገረችው። አምና በጥቅምት እንቅርቷን ኦፕራሲዮን ሆነች። ቁስሉ ደህና ዳነ፤ ከፍ ያለው ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሶፕራኖው መሪ፣ ሶሎውንም የምትዘምረው እሷ ነበረች። በበዓሉ ምሽት ሶሎ የሌለባቸው የኅብረት መዝሙሮች ብቻ ስለነበሩ በተለመደው ቦታዋ፣ ከሶፕራኖዋ ከያኤል ጎን፣ ሁለት ሰው ብቻ በሚቆምበት በማይኩ ፊት ቆማ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አመሸች። ማንም አላወቀም። አሁን ግን መዘምራኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለጉባኤ ወደ ሐዋሳ ይሄዳሉ፤ ሶሎ አለ። የመዘምራኑ መሪ ማኑሄ «ትችያለሽ አትችይም? ከዛሬው ልምምድ በፊት ንገሪኝ» ብሏታል።

«ደብዳቤ ጽፌአለሁ» አለች። «ከመዘምራን ለመሰናበት። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«የምትሰናበተው ድምፅ የለኝም ብላ ነው» አለ ምትኩ። «ድምፅዋ ደግሞ ይኸው አለ! ይህን ቅጂ ለማኑሄ አሰማዋለሁ። የዚያን ቀን ከዘመረች ሐዋሳም ትዘምራለች።»

«ዝቅ ያለውን ክፍል መዘመር አይቻልም?» አለ ኤልያቄም።

ምትኩ ሳቀ። «አልቶ? በነሱ መዘምራን እኮ አልቶ ጀማሪ የሚገባበት ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት የመራች ሴት ትናንት ከመጡት ልጆች ጋር ትሰለፍ?»

«አልቶም ቢሆን ድምፅ ይፈልጋል» አለች ራኬብ። ሻይውን አስቀመጠችለት። «ምን መሰለህ፣ ያን ምሽት በዚሁ መዝሙር አራተኛ ቁጥር ላይ ማኑሄ እጁን ከማንሳቱ በፊት አፌን ከፈትኩት። ሁሉም ዝም ባለበት። ያኤል በክርኗ ነካ አደረገችኝ። ድምፅ ያለኝ ሰው ብሆን ኖሮ ሐፍረቴን አስበው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ስለሌለኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።»

ኤልያቄም ሻይውን በቁሙ ጨልጦ አምፕሊፋየሩ ወዳለበት ቡፌ ሄደ። ሥራውን ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጆሮው ሳይሆን ከአምፕሊፋየሩ መስኮት ነው፤ ምን ዓይነት ድምፅ እየገባለት እንደሆነ ዕቃው ራሱ ይጽፋል። መስኮቱ ላይ የተጻፈው ሁለት ቻናል፣ ማለትም ሁለት የድምፅ መስመር፣ የሚል ነበር። አምስት መሆን ነበረበት።

«ጋሽ ምትኩ፣ ድምፁ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«ዲስኩን ከሚያጫውተው ፕሌየር ወደ ቲቪ፣ ከቲቪው ደግሞ በዚህች በቀጭኗ። እንደ ድሮው።»

ቀጭኗ ኦፕቲካል የምትባለው ገመድ ነበረች፤ ጫፏ ላይ ቀይ ብርሃን የምትተፋ፣ ከአሮጌው ሆም ቴአትር የተረፈች። ምትኩ ደህና ገመድ መጣል ስላልሆነለት አዲሱ ላይ ሰክቷታል።

«ይቺ ገመድ ሎስለሱን አምስት ቻናል መሸከም አትችልም» አለ ኤልያቄም። «ስለዚህ ቲቪው ሁሉንም ወደ ሁለት ጨፍልቆ ይልካል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ የተጨፈለቀውን ተቀብሎ፣ የትኛው ከየት መምጣት እንዳለበት እየገመተ ለአምስቱ ያድላል።»

«ይገምታል?»

«ይገምታል።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ግምት ነው ስሰማ የከረምኩት?»

ራኬብ ፎጣውን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ማሽን አይዋሽም ነበር ያልከው?»

«አልዋሸም» አለ ምትኩ ኮስተር ብሎ። «ገመተ።»

«ያው ነው። በል፣ ተፈታ። የሌለ ድምፅ ነው የሰማኸው።»

«ገና ነው እህት ራኬብ» አለ ኤልያቄም። «እስካሁን የታወቀው ጋሽ ምትኩ የሰሙት የማሽኑ ግምት መሆኑ ነው። ቅጂው ውስጥ ያለውን እንዳለ ግን እዚህ ቤት የሰማው ሰው የለም። እርስዎም ጭምር።»

ከቦርሳው አምስቱንም የሚሸከም ኤችዲኤምአይ ገመድ አውጥቶ ፕሌየሩን በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘው፤ ምስሉ ብቻ ወደ ቲቪው እንዲያልፍ አደረገ። መስኮቱ ላይ አምስቱ ቻናሎች ተዘርዝረው ታዩ። ቀጥሎ ስፒከሮቹን ለመፈተሽ የኋላውን ግራ ዳንቴል ገለጥ አደረገና ቆመ። በጣቱ ነካው፤ ተንኮሻኮሸ።

«ጋሽ ምትኩ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ናይለኑ ነው።»

«የመጣበት ናይለን?»

«አዎና! ፉሪ ነን እኮ። አቧራውን አላየኸውም? እንዳዲስ ይቆይ ብዬ ነው።» የአምስቱም ስፒከሮች ፊት ከፋብሪካ በመጣበት ናይለን ተሸፍኗል፤ ጠርዝ ጠርዙን ደግሞ ምትኩ በቴፕ አጠናክሮታል። ቴፑም ቢሆን ቀጥ ያለ ነበር።

«ጋሼ፣ ዘማሪን በካፖርት አፉን ጠቅልለው ‘ዘምር’ ብለውታል።»

ራኬብ «ዳንቴሉንም ላንሳው?» አለች።

«ዳንቴሉ ይቀመጥ፤ አናቱ ላይ ነው፣ ምንም አይከለክልም» አለ ኤልያቄም። ምትኩ ቴፑን ራሱ በጥፍሩ ላጠው፤ ናይለኖቹንም አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጣቸው።

የቀረው ማስተካከያው ነው። አምፕሊፋየሩ ከሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ማይክ ይዞ ይመጣል፤ አድማጩ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ማይኳ ትቀመጥና ዕቃው የእያንዳንዱን ስፒከር ርቀትና ጉልበት ለዚያ ቦታ ይመጥነዋል። ኤልያቄም «ባለፈው ሲያስተካክሉ ማይኳን የት ነበር ያስቀመጧት?» ብሎ ጠየቀ።

«የእንግዳ ቦታ ላይ ነዋ» አለ ምትኩ፤ አሁን ኤልያቄም የተነሳበትን የሶፋ መሀል እያሳየ። «ሌላ የት ይቀመጣል?»

«እርስዎ እዚያ ይቀመጣሉ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ? እኔ እዚህ ነኝ» አለ ነጠላውን ሶፋ መታ መታ አድርጎ።

«እርስዎስ እህት ራኬብ?»

«እኔማ በሩ ጋ ነኝ። እዚህ ካልሆንኩ ማድ ቤት ያለው ይገነፍልብኛል።»

«እዚያ ቦታ ማን ተቀምጦ ያውቃል?»

ባልና ሚስቱ አሰቡ። «ሞልቱ ተቀምጣለች፣ እህቴ» አለች ራኬብ። «እና ሽማግሌው፣ የቤተ ክርስቲያኑ። እሳቸው ግን እንቅልፍ ወሰዳቸው።»

ኤልያቄም ማይኳን እዚያው መልሶ አስቀመጠ። አምስት ደቂቃ ያህል ከየስፒከሩ እንደ ወፍ ፉጨት ያለ ድምፅ እየወጣ ዕቃው ራሱን መጠነ። ሲያበቃ ማይኳን አነሳና «እህት ራኬብ፣ ይቀመጡ» አለ።

«እኔ? እዚያ?»

«ቤቱ ውስጥ ቅጂው በትክክል የሚሰማው እዚያ ብቻ ነው። ስለ ድምፅዎ ከሆነ ክርክሩ፣ መስማት ያለብዎ እርስዎ ነዎት።»

ራኬብ ፎጣውን እንደያዘች መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በሰው ቤት እንደመጣ ሰው ጉልበቷን ገጥማ። ኤልያቄም የሳሎኑን መስኮት ዘጋ። የጎረቤቱ ሚክሰር ግን ስላላቆመ ጠበቁ። ምትኩ ነጠላው ሶፋ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሚክሰሩ ሲሚንቶውን ገልብጦ ዝም ሲል ኤልያቄም ሪሞቱን ተጫነ።

መጀመሪያ የመጣው የአዳራሹ ዝምታ ነው፤ የወንበር ሲጥታ፣ የሆነ ሰው ወረቀት ሲያገላብጥ። ከዚያ ኪቦርዱ ከመሀል፣ ከዚያ ወንዶቹ። ራኬብ ቀና አለች። «ዘማሪው ለታ ነው ይህ» አለች ወደ ፊት በስተግራ እያመለከተች። «ሁልጊዜ ስንኙ ሳያልቅ ይተነፍሳል። ተቆጥቼው አላውቅም እንጂ አውቅበት ነበር።» የሴቶቹ ድምፅ ከኋላ ሲገባ አንገቷን መለስ አደረገች፤ እዚያ ሰው የቆመ ይመስል። ከግራው ስፒከር አንድ ከፍ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ በስንኙ መጨረሻ ላይ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ የሴት ድምፅ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሰማል።

«እሷ ናት!» አለ ምትኩ። ቀስ ብሎ ነበር ያለው፤ ጣቱንም አላነሳም። «ያ መንቀጥቀጡ። እሱን አላውቀውም?»

«ያኤል ናት ምትኬ» አለች ራኬብ።

«ያኤል...?»

«እንደዚያ መጨረስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ፈጀብኝ።»

መዝሙሩ ቀጠለ። ሦስተኛው ቁጥር አለቀ፤ ኪቦርዱ ጥቂት ተጫወተና ጸጥ አለ። አዳራሹ ሁሉ የማኑሄን እጅ የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከኋላ በስተግራ አንዲት ሴት ብቻዋን ገባች። ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ ሻከር ያለ ድምፅ። አንድ ቃል ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። ከዚያ ልብስ ከልብስ ጋር ሲነካካ ተሰማ፤ ወዲያው መዘምራኑ ሁሉ እኩል ገቡ።

ራኬብ እጇን አንገቷ ላይ፣ ሻርፑ ላይ አደረገች።

ኤልያቄም መዝሙሩን አቆመው። ማንም ሳይጠይቀው ወደ ኋላ መልሶ ያንኑ ቦታ ደገመው። ዝቅ ያለው ድምፅ ብቻውን ገባ፤ ተቋረጠ፤ ልብስ ተነካካ።

«ከአልቶው ሾልኮ የገባ ነው» አለ ምትኩ።

«ሊሆን ይችላል» አለ ኤልያቄም። «እንየው።» አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ የአራቱን ስፒከሮች ገመድ ነቀለና የኋላውን ቀኝ፣ የአልቶውን፣ ብቻ አስቀረ። ሲያጫውተው ያ ድምፅ እዚያም ነበር፤ ግን ከሌላ ክፍል እንደሚመጣ ያህል ሩቅ። ቀጥሎ ቀኙን ነቅሎ ግራውን፣ የሶፕራኖውን፣ ብቻ ሰካ። ድምፁ ከማይኩ ጫማ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል። ቅጂው ወደ ፊት ሲቀጥልም አልጠፋም፤ አራተኛው ቁጥር እስኪያልቅ ድረስ፣ ከያኤል ድምፅ ሥር፣ አንድ ስንኝ ሳይስት ይከተላል።

«ማይኩ ፊት የቆሙት ሁለት ሰዎች ናቸው ብለውኝ ነበር» አለ ኤልያቄም። «አንዷ ያኤል ከሆነች...»

ምትኩ ተነስቶ ስፒከሩ ፊት በርከክ አለ፤ ሌላ ጊዜ በመቀየሻ መነጽሩ ውስጥ እንደሚያይ ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። «ድገመው» አለ። ኤልያቄም ደገመው። «ድገመው።» ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰማ ምትኩ አንገቱን ነቀነቀ። «ይህን ድምፅ አላውቀውም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንደዚህ የምናገረው?» አለችው ራኬብ። «ከጥቅምት ጀምሮ በዚህ ድምፅ አይደለም እንዴ ‘ምሳ ቀርቧል’ የምልህ?»

«መናገርና መዘመር...» ብሎ ጀመረና በርከክ እንዳለ ወደ ሚስቱ ዞሮ አያት። «እኔ ያኤልን ነው ለካ ሳደምጥ የከረምኩት» አለ።

«እኔም የከረምኩት ዝም ያልኩ መስሎኝ ነው።» ራኬብ ወደ ሶፋው መደገፊያ ዘንበል አለች፤ እዚያ ከተቀመጠች ወዲህ ጀርባዋን ስታሳርፍ የመጀመሪያዋ ነበር። «ከንፈሬን ብቻ ነበር እኮ የማንቀሳቅሰው። እንዴት ወጣ?»

ኤልያቄም ይህንን አያውቅም፤ የሚያውቀው ማይኩ የያዘውን ብቻ ነው። ስለዚህ ገመዶቹን በየቦታቸው መመለስ ጀመረ። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው እንደነበር አሰበ። ምትኩ «ዘምራለች» ያለው ልክ ነው፤ «ይህ ድምፅዋ ነው» ብሎ ያሳየው ግን የሌላ ሰው ነው። ራኬብ ያ ከፍ ያለ ድምፅ የኔ አይደለም ያለችው ልክ ነው፤ አልዘመርኩም ያለችው ግን አልሆነም። ይህን ጮክ ብሎ መናገር የዳኛ ሥራ ስለመሰለው ተወው። ከሦስት ወር በፊት ሱቁ ውስጥ ሳያርመው የቀረው ነገርም ትዝ አለው። «ጋሽ ምትኩ» አለ፣ «ያን ጊዜ ድምፅዋ ተጥሎ ነው ሲሉኝ ዝም ያልኩት ጥፋት ነው። አሮጌው ዕቃ ድምፁን ያቦካ ይሆናል እንጂ አንድን ሰው መርጦ አይጥልም።»

«እኔም መስማት የፈለግኩትን ነው የሰማሁህ» አለ ምትኩ። ከመሬት ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ያም ሆነ ይህ ይህን ቅጂ ለማኑሄ ማሰማት አይሆንም። ሶሎ የሚዘምር ድምፅ አይደለም ይህ።»

«አይደለም» አለች ራኬብ።

«ደብዳቤውን ትሰጪዋለሽ ማለት ነው።»

ራኬብ ሪሞቱን ከኤልያቄም እጅ ተቀበለችና በራሷ እጅ አራተኛውን ቁጥር ፈልጋ ከፈተችው። አሁን አምስቱም ስፒከሮች ተገጥመዋል፤ መዘምራኑ ሳሎኑን ሞሉት። ምትኩ ወደ ነጠላው ሶፋ ሊመለስ ሲል አንድ ነገር አሰበና ረጅሙ ሶፋ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ። ከቀኝ የአልቶዎቹ ድምፅ ይመጣል፤ ልጆች ናቸው፣ ቁጥራቸው ጥቂት ነው፣ ረጅሙ ስንኝ ላይ እየሳሱ ይሄዳሉ። ከግራ የራኬብ ድምፅ ያንኑ ዜማ ይዞ ይሄዳል። ሁለቱ በሳሎኑ ስፋት ተለያይተው አንድ ነገር ነው የሚዘምሩት። ራኬብ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዞር አለች።

«የነሱን ነው የዘመርኩት» አለች። «ሳላውቀው።»

ከማድ ቤት ስልኳ ጮኸ። ምትኩ ተነስቶ አመጣላት፤ ስሙን አየና «ማኑሄ ነው» አለ። «ምን ልትዪው ነው?»

ራኬብ መዝሙሩን አላቆመችም፤ ትንሽ ቀነሰችው እንጂ። ከእንግዳው ቦታ ሳትነሳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ማኑሄ፣ አዎ፣ ራኬብ ነኝ» አለች። «መልሱን ነው አይደል? ሶሎውን ለያኤል ስጣት። ስሜን ግን ከዝርዝሩ እንዳታወጣው፤ ዛሬ ስመጣ አልቶ ጋ ነው የምቆመው፣ ከጀማሪዎቹ ጋር።»